ልጄ፣ ከትራክተርሽ ኋላ ክብደት ሳትሰቅዪ ባኬቱን አታንሺ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

እኛ ደህና ነን። እናትሽ ሰላም ብላሻለች፤ ጉልበቷም ተሽሏታል። አሰላ ዝናቡ ገና አልወጣም፣ ስንዴው ግን ዘንድሮ ያምራል።

የላክሽውን ቪዲዮ አየሁት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነው ያየሁት። ልጄ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በራሷ መሬት፣ በራሷ ትራክተር ላይ ተቀምጣ ስትሰራ ማየት ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛ ስደግመው ግን ልቤ ቀጥ አለ። 14ኛው ሰከንድ ላይ ጠጠር የሞላ ባኬት ከፍ አድርገሽ ወደ ግራ ስትታጠፊ የግራው የኋላ ጎማ መሬት ለቀቀ። አንድ ጣት ቢሆን ነው። ጎማው እና ጥላው ተለያዩ፣ ከዚያ ተመልሰው ተገናኙ። አንቺ አላየሽውም፣ ፊት ፊትሽን ነበር የምታዪው። እናትሽን ጠርቼ አሳየኋት፣ እሷም ምንም አልታያትም። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ጎማ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ስለዚህ «አባዬ፣ ትራክተሩ ላይ ከሚገጠሙት ተቀጥላዎች መጀመሪያ የትኛውን ልግዛ?» ላልሽኝ መልሴ አጭር ነው። ክብደት ግዢ። ከማጨጃው በፊት፣ ከሹካው በፊት፣ ከሁሉም በፊት ከኋላ የሚሰቀል ክብደት። ሻጩ ተሳቢውንና ማጨጃውን አንድ ላይ አስሮ በጥሩ ዋጋ እንደሚሰጥሽ ነግረሽኛል። ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ የኋላ ክብደት የሚል የለበትም። የሎደሩን፣ ማለትም ባኬቱን የሚያነሳውን የፊት ክንድ፣ መመሪያ መጽሐፍ ክፈቺ፤ ከኋላ ስንት ኪሎ እንደሚያስፈልግ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። እናንተ ዘንድ በፓውንድ ነው የሚጻፈው፣ ለ2.2 አካፍለሽ ላኪልኝ።

እኛ ጋ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። ቤላሩስ የሚባለውን ትራክተር ስንነዳ ክብደቱ የሚሰቀለው አፍንጫው ላይ ነው። ለምን? ሥራችን ማረስ ነዋ። ከባዱ ዲስክ ከኋላ ሲነሳ የፊት ጎማው ይቀላል፣ መሪው አልታዘዝ ይላል፤ ስለዚህ ከፊት ብረት እንደረድራለን። የአንቺ ትራክተር ደግሞ ከባዱን ነገር ከፊት ነው የሚሸከመው። ስለዚህ ብረቱ ወደ ጭራው ይሂድ። የአህያ ጭነት አይተሻል አይደል? በአንድ በኩል ካደላ ልጓም አይመልሰውም፣ ሌላውን ጎን ነው መሙላት።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለእናትሽም በደንብ አልነገርኳትም። በ70ዎቹ መጨረሻ የመንግሥት እርሻ ላይ ስሰራ ሎደር የተገጠመለት አንድ ትራክተር ነበረን። የኋላ ክብደቱ ለሆነ ሥራ ተፈቶ ጋራዥ ጥግ ተጥሎ ቀርቷል። ይመለስልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኩ፤ «በኋላ» ተባልኩ። እኔም ዝም ብዬ ሰራሁ። አንድ ቀን ማዳበሪያ በጆንያ ጭኜ ከመጋዘኑ ቁልቁል ስወርድ ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ ይይዛል፣ የኋላ ጎማዎቹም ቆመዋል፣ አይዞሩም፤ ትራክተሩ ግን ይሄዳል። ጎማዎቹ መሬቱን ነካ ነካ ነው የሚያደርጉት እንጂ አልተጫኑበትም። ከፊቴ አራት እርምጃ ላይ ረዳቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ባኬቱን መሬት ላይ ለቀቅኩት። አፈሩን እየፋቀ ሄዶ ሄዶ ያቆመኝ እሱ ነው። ረዳቴ ድምፁን ሰምቶ ሲዞር የባኬቱ ጥርስ ጫማው አጠገብ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ክብደት ሳይሰቀል ሎደር ላይ ወጥቼ አላውቅም።

ይሄን የምነግርሽ የአንቺም ትራክተር እንደዚያው ስለሆነ ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ ትራክተሮች ፍሬናቸው ያለው የኋላ ጎማ ላይ ብቻ ነው። የኋላው ቀሎ ከተነሳ ፍሬን የለሽም ማለት ነው። አራቱም ጎማ ሲያያዝ ግን የፊቱም አብሮ ይይዛል፣ ስለዚህ ሎደር በሰራሽ ቁጥር፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ፣ አራት ጎማ አስገቢ።

አሁን ሂሳቡን በወረቀት ልስራልሽ፣ ትወጃለሽ ሂሳብ። የፊትና የኋላ ጎማ መሃል ለመሃል 1.6 ሜትር ነው እንበል። ባኬቱ ውስጥ 400 ኪሎ ጠጠር አለ፣ ከፊት አክስል (ሁለቱን የፊት ጎማዎች ከሚያገናኘው ብረት) 1.5 ሜትር ወደፊት ወጥቷል። የፊት አክስሉ እንደ ሚዛን መሃል ይሆናል። 400ን በ1.5 አባዢ፣ ለ1.6 አካፍዪ፦ 375። የኋላ ጎማዎችሽ ላይ ከነበረው ክብደት 375 ኪሎ ተነሳ። የፊት አክስሉ ደግሞ ጠጠሩን ብቻ አይደለም የተሸከመው፣ ያንን 375 ጨምሮ 775 ኪሎ ወደቀበት። እንዲህ እየተሰራ ከርሞ ነው የፊት አክስል ዘይት የሚያንጠባጥበው፣ መሪውም የሚከብደው።

አሁን ከኋላ አክስል 1 ሜትር ወደኋላ 300 ኪሎ ስቀዪ። 300 ሲካፈል ለ1.6፣ 187 ከምናምን። ይህን ያህል ከፊት አክስሉ ላይ ይነሳል፣ የኋላው ደግሞ 487 ይጨምራል። የተወሰደብሽ 375 ተመለሰ፣ ትርፍም አገኘሽ። ቁጥሮቹን በራስሽ ትራክተር ሜትር ይዘሽ ለኪያቸው፣ መንገዱ ግን ይሄው ነው።

ጎማ ውስጥ ፈሳሽ መሙላትስ ይበቃል ወይ ብለሻል። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም፣ ግን ሥራው ሌላ ነው። ጎማ ውስጥ ያለ ፈሳሽም ሆነ ቸርኬ ላይ የሚታሰር ብረት ክብደቱ የሚያርፈው እዚያው አክስሉ ላይ ነው። የትራክተሩን ክብደት ወደ መሬት ያስጠጋዋል፣ ተዳፋት ላይ ይረዳሻል፣ ጎማው እንዲቆነጥጥ ያደርጋል። ከፊት አክስሉ ላይ ግን አንድ ኪሎ አያነሳም። ያንን የሚያደርገው ከአክስሉ ወደኋላ ወጥቶ የተንጠለጠለ ነገር ብቻ ነው። ቦታሽ ተዳፋት ስለሆነ እኔ ብሆን ሁለቱንም አደርጋለሁ፤ መጀመሪያ የሚንጠለጠለውን። ፈሳሹን ስታስሞዪ ንጹህ ውሃ እንዳታስገቢ፣ የእናንተ ክረምት በረዶ ያደርገዋል። ካልሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው የሟሟበት ውሃ በረዶ አይሆንም፣ ከባድም ነው፣ ግን ቸርኬ ይበላል። ከስኳር ቀይ ሥር የሚወጣው ጭማቂ ይሻላል፦ ሊትሩ 1.3 ኪሎ ገደማ ነው፣ ዝገትም አያመጣም። እስከ ጎማው ሦስት አራተኛ ነው የሚሞላው፤ ቫልቩን ወደ ላይ አዙሮ እስከ ቫልቩ ማለት ነው። ይሄን ራስሽ አትሞክሪው፣ ለጎሚስታ ስጪው።

የሚንጠለጠለውን ግን ራስሽ ትሰሪዋለሽ። የሚገዛ ሳጥን አለ፣ አሸዋ ወይም ኮንክሪት ይሞላል። በርሜልም ይሆናል። የ208 ሊትር በርሜል ሙሉ ኮንክሪት ከሆነ 500 ኪሎ ይገባል፣ ያ ይበዛብሻል። 125 ሊትር ኮንክሪት 300 ኪሎ ነው፣ የበርሜሉ ቁመት 60 በመቶ ላይ ታቆሚያለሽ። ከመሙላትሽ በፊት የኋላው ሃይድሮሊክ ስንት እንደሚያነሳ መመሪያው ላይ አረጋግጪ። ከኋላ ተቀጥላ የሚሰቀልበት ባለ ሦስት ክንዱ የትራክተርሽ ማያያዣ አንደኛው ምድብ የሚባለው ነው፤ የታችኞቹ ሁለት ክንዶች 22 ሚሊሜትር ፒን፣ የላይኛው 19 ሚሊሜትር ይወስዳሉ። የታችኛው ብረት በርሜሉን በሁለቱም ጎን በስቶ ይለፍ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ፒኖቹ ይውጡ። የላይኛውን ክንድ የሚይዙ ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች ከዚያው ብረት ጋር ይበየዱ፣ ፌሮ ውስጥ ለውስጥ ይታሰር። ብረቱ ኮንክሪቱን ብቻ ተማምኖ ከተቀበረ አንድ ቀን ተነቅሎ ይወድቃል፤ ስለዚህ ብየዳውን በሚያውቅ ሰው አሰሪ።

ይህን የሦስት ክንድ ማያያዣ ያወጣው ሃሪ ፈርጉሰን የሚባል አየርላንዳዊ ነው፣ በፈረንጆቹ 1920ዎቹ። ከዚያ በፊት ማረሻ ድንጋይ ሲነካ ትራክተሩ ፊቱ ተነስቶ ነጂው ላይ ይገለበጥ ነበር። እኔ መንዳት የተማርኩበት ማሴ ፈርጉሰን ትራክተር ላይ ያለው ስም የእሱ ነው። ሥራ ሲያስተምረኝ የነበረው ሽማግሌ ክንዶቹን በጨርቅ ይጠርጋቸው ነበር፣ በየማታው።

ወደ ተቀጥላዎቹ ልምጣ። ሁሉንም ባንዴ አትግዢ። አንድ ዓመት ሙሉ ምን እንደምትሰሪ አስቢ። ሳር አለሽ፣ የጠጠር መንገድ አለሽ፣ በጎች አሉሽ።

ማጨጃ የግድ ነው። ስፋቱ ቢያንስ የኋላ ጎማዎችሽን ዱካ መሸፈን አለበት፣ ያለዚያ ረግጠሽ ያለፍሽው ሳይታጨድ ይቀራል። በፒቲኦው (የሞተሩን ጉልበት ወስዶ ተቀጥላውን በሚያዞረው ዘንግ) ጉልበት ደግሞ ለአንድ ጫማ ስፋት አምስት የፈረስ ጉልበት ያህል ቁጠሪ፤ ሃያ ምናምን ካለሽ ከአምስት ጫማ አትለፊ። ጉቶ ሲነካ የሚሰበር ቡሎን ወይም የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ያለው ይሁን። ፒቲኦ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፣ በሰከንድ ዘጠኝ ማለት ነው። ሻርፕ፣ የተፈታ ጸጉር፣ የጃኬት ገመድ፣ አንዳቸውም አጠገቡ አይድረሱ። ሳይቆም ከወንበሩ አትውረጂ። ሽፋኑ ከተሰበረ ያን ቀን አትሰሪም፣ በቃ።

ለጠጠሩ መንገድ የሳጥን ቅርጽ ያለውን መጥረጊያ ግዢ። ከባድ ስለሆነ ለቀላል የሎደር ሥራ ራሱ ክብደት ይሆንሻል። ወደኋላ ግን ረዝሞ ይወጣል፤ በዛፎች መሃልና በበረቱ በር ስትታጠፊ ይገጫል። በርሜሉ አጭርና ድፍን ስለሆነ ለዚያ ይሻላል።

ሹካውን ለድርቆሽ ነው ያልሽኝ። እዚህ ላይ ቆም በዪ። ክቡ የድርቆሽ ጥቅል ትልቁ ከ400 ኪሎ በላይ ሊሆን ይችላል። በሹካ ከፊት ስትሸከሚው ከባኬቱ ጠጠር የበለጠ ወደፊት ይወጣል፣ ከላይ ያለውን ሂሳብ እንደገና ብትሰሪው ይገባሻል። ከፍ ካደረግሽው ደግሞ ተንከባሎ ክንዱን ተከትሎ ወንበርሽ ላይ ሊመጣ ይችላል። ድርቆሹን ከኋላ ተሸከሚው። ሦስቱ ክንድ ላይ የሚገጠም ጦር አለ፣ ዋጋውም ከሹካው ያንሳል። ሎደሩ ከፊት እንደተገጠመ ይቆይ፣ እሱ ለፊቱ ክብደት ይሆናል። ከመሬት ትንሽ ብቻ አንስተሽ ቀስ ብለሽ ሂጂ።

ጉድጓድ መቆፈሪያውንና አፈር መከስከሻውን ተዪያቸው። አጥሩን አንዴ ነው የምታጥሪው፣ ለሁለት ቀን ተከራዪ። የናንተ ቀይ ሸክላ አፈር ሲደርቅ ምን እንደሚመስል በፎቶ አይቻለሁ፣ ትንሽ መከስከሻ ላዩን እየዘለለ ነው የሚያልፈው።

ባኬቱ ሲሞላ ዝቅ አድርገሽ ያዢው፣ ከጉልበትሽ ከፍታ አይበልጥ። ቁልቁለት ፊት ለፊት አትውረጂ፣ ከባዱ ጎን ወደ ዳገቱ ሆኖ ወደኋላ እየሄድሽ ውረጂ። ከወንበሩ ጀርባ ያለው የመገልበጥ መከላከያ ብረት ሁልጊዜ ቆሞ ይሁን፣ ቀበቶውን እሰሪ። አሜሪካ ውስጥ እርሻ ላይ ሰው ከሚሞትባቸው ነገሮች ግንባር ቀደሙ የትራክተር መገልበጥ ነው። ብረቱ ካለቀበቶ አያድንም፣ ስትወድቂ ራሱ ይደፋብሻል። በቪዲዮው ላይ ቀበቶውን አላየሁትም።

ጠጠሩ ገና ግማሹ እንደቀረ አውቃለሁ። ይቆይ። ዝናብ ቢመጣም ይቆይ። በዚህ ሳምንት የቀረውን በአካፋና በጋሪ ውሰጂ፣ ወይም ባኬቱን ሲሶ ብቻ ሙዪ፣ ከጉልበት በላይ ሳታነሺ፣ ቀጥ ባለው መሬት ላይ ብቻ።

በርሜሉን ስትጀምሪ ንገሪኝ። ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ውስጡን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ የታችኛው ብረትና ፌሮው እንዴት እንደተያያዙ ማየት እፈልጋለሁ። አጠገቡ ሜትር አስቀምጪበት፣ ቁጥሩ እንዲነበብ አድርገሽ።

አባትሽ