የመገናኛን የታክሲ ሰልፍ በትክክል ለመቁጠር የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ አዲስ አበባ፣ መገናኛ ላይ ለአያት፣ ለሰሚት፣ ለገርጂ ወይም ለኮተቤ የተሰለፈ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ስንት ደቂቃ እንደሚቆም ነው። ይህን ለማስላት ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚሰጠው ሒሳብ ይበቃል። የጎደለው ቁጥሩ ነው፤ በየአምስት ደቂቃው ስንት ሰው እንደሚሰለፍ፣ ስንቱ እንደሚሳፈር፣ አንድ ሚኒባስ ደርሶ ለመመለስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት። እኛ የሒሳብ መምህራንና ተማሪዎች በኅዳር ወር በአራቱ ሰልፎች ላይ ለስድስት ምሽት፣ ከ11 እስከ 2 ሰዓት፣ ልንቆጥር ተዘጋጅተናል። ሥራው ለተማሪዎቹ እንደ ኮርስ ፕሮጀክት ይታረማል፤ ውጤቱ ለሰልፈኛውና ለስምሪት ሠራተኞች ይደርሳል። የምንለምናችሁ የቆጠራውን ዕቃና የመጓጓዣ ወጪ ነው።

ቁጥሩ ምን እንደሚያደርግ በምሳሌ እናሳይ። በደቂቃ 8 ሰው እየመጣ ይሰለፋል እንበል። 12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ በየ2 ደቂቃው ይነሣል፤ ይህ በደቂቃ 6 ሰው ነው። ሰልፉ በየደቂቃው በ2 ሰው ይረዝማል፣ ከ90 ደቂቃ በኋላ 180 ሰው ይደርሳል፣ ያኔ የደረሰ ሰው 30 ደቂቃ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው በደቂቃ ወደ 2 ቢወርድ ሰልፉ ለመጥፋት 45 ደቂቃ ይፈጅበታል። የሁሉም ሰው ጥበቃ ሲደመር 12,150 ደቂቃ፣ ማለትም ከ200 ሰዓት በላይ ነው። አሁን በየ12 ደቂቃው አንድ ሚኒባስ ብቻ ይጨመር። ትልቁ ሰልፍ 90 ሰው ይሆናል፣ በ18 ደቂቃ ያልቃል፣ ጠቅላላ ጥበቃው ወደ 4,860 ደቂቃ ይወርዳል። መኪናው በአንድ ስድስተኛ ሲጨምር ጥበቃው በ60 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው።

ደርሶ መልሱ 60 ደቂቃ ከሆነ ይህ የሚጠይቀው አምስት ተጨማሪ መኪና ነው። መኪና ባይገኝስ? በመስመሩ ላይ ያሉት 30 ሚኒባሶች ደርሶ መልሳቸው ከ60 ወደ 51 ደቂቃ ገደማ ቢያጥር ውጤቱ ያው ነው። ዘጠኙ ደቂቃ የት እንደሚጠፋ፣ መዞሪያው ላይ ይሁን መጫኛው ላይ ወይም ባዶ ተመልሶ ተራ በመጠበቅ፣ የሚታወቀው ግን መንገዱ ላይ ሰዓት ተይዞ ነው። ትልቁ ተስፋችንም እዚህ ላይ ነው፤ መጫኛ ቦታን ሃያ ሜትር ማዛወር መኪና ከመግዛት ይቀላል።

ይህን የጥበቃ ጊዜ ሲያሰላ ተማሪ በቀላሉ ይሳሳታል። በመማሪያ መጽሐፍ ያለው የታወቀው የሰልፍ ቀመር፣ አንድን በሁለቱ ፍጥነቶች ልዩነት ማካፈል፣ የሚሠራው አገልግሎቱ ከሚመጣው ሰው ሲበልጥ ነው። 6 ሲቀነስ 8 ብለን ብናስገባበት የጥበቃው ጊዜ ከዜሮ በታች ግማሽ ደቂቃ ይወጣል። ስለዚህ ጊዜ ወደ ጎን፣ የሰው ቁጥር ወደ ላይ በሆነበት ግራፍ ላይ ሁለት መስመር እናሰምራለን፤ አንዱ የተሰለፉት ድምር፣ ሌላው የተሳፈሩት ድምር። ወደ ላይ ያለው ክፍተት የሰልፉ ርዝመት፣ ወደ ጎን ያለው አንድ ሰው የቆመበት ጊዜ፣ በመካከል ያለው ስፋት የሁሉም ሰው ጥበቃ ነው። ኢንቲግራል (እንዲህ ያለውን ስፋት የሚያሰላው ሒሳብ) ምን እንደሚጠቅም ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ሰሌዳ አናውቅም።

ለአንድ ሰልፍ ስድስት ተማሪ ይመደባል፤ ሁለት ጭራው ላይ፣ ሁለት መሳፈሪያው በር ላይ፣ አንድ የመኪና ሰሌዳ መዝጋቢ፣ አንድ አስተባባሪ። ጥንዶቹ በየ30 ደቂቃው ይቀያየራሉ፤ ከዚያ በላይ የቆጠረ ዓይን ይዘልላል። የእጅ መቁጠሪያው (በተጫኑት ቁጥር አንድ የሚጨምር መሣሪያ) በየአምስት ደቂቃው ይነበባል እንጂ ወደ ዜሮ አይመለስም፤ አንድ ንባብ ቢዘለል ድምሩ እንዳይጠፋ ነው። ከሰሌዳው የምንጽፈው የመጨረሻዎቹን ሦስት አኃዞች ብቻ ነው፤ ያው መኪና ተመልሶ ሲመጣ የደርሶ መልሱ ጊዜ ይገኛል። የማንንም ፎቶ አናነሣም። ከዚህ ሌላ ለየአሥረኛው ሰልፈኛ ቁጥርና ሰዓት ያለበት ካርድ እንሰጣለን፤ ሲሳፈር እንቀበለዋለን። ካርዱ ከግራፉ የወጣውን ውጤት ያረጋግጣል።

ቆጠራን የሚያበላሹት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። የጭራውና የበሩ ሰዓት በ2 ደቂቃ ቢለያይ 12 ሰው ያህል ስሕተት ይገባል፤ ስለዚህ ሁሉም ስልክ ከሥራ በፊት ይስተካከላል። አንዱ 11:30 ሌላው 17:30 ብሎ ከጻፈ ሠንጠረዡ ይደበላለቃል፤ ቅጹ ላይ በሀገራችን ሰዓት ብቻ ይጻፋል። ተስፋ ቆርጦ ከሰልፍ የወጣ፣ ጎን ገብቶ የተሳፈረ፣ ከፌርማታው ራቅ ብሎ የያዘ ሰው ለየብቻ ዓምድ አለው፤ ካልተለዩ ጭራና በር ፈጽሞ አይታረቁም። ሾፌር መንገዱን ሲያቆራርጥ ደርሶ መልሱ አጭር መስሎ ይታያል፤ ለዚህ ነው ከስድስቱ መካከል እስከ መጨረሻው ተሳፍሮ የሚሄድ ተማሪ የሚያስፈልገው። የምንቆጥረው ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ነው፤ ኅዳር 12 እና 21 በዓል ስለሆኑ ይዘለላሉ። የተራ አስከባሪዎቹ ፈቃድና ምክር ከሁሉ ይቀድማል፤ ሰልፉን ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በናይሮቢ የማታቱ (የኬንያ ሚኒባስ ታክሲ) መስመሮች ካርታ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ መረጃውን ተሳፍረው በስልክ የሰበሰቡት ተማሪዎች ነበሩ፤ መንገዱ የተፈተነ ነው።

አሁን የሚያስፈልገንን እንዘርዝር። ለ24 ተማሪዎች 24 አንፀባራቂ ሰደርያና 24 የወረቀት መደገፊያ ሰሌዳ፤ 12 የእጅ መቁጠሪያ (ለየሰልፉ ሁለትና አንድ መጠባበቂያ)፤ ከ12 ሰዓት በኋላ ስለሚጨልም 24 ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ። ለየሰልፉ በምሽት 7 ገጽ ቅጽ ስለሚሞላ 168 ገጽ፣ ከሚበላሸው ጋር 200። ካርድ 1,200። እርሳስ፣ እስክርቢቶ አይደለም፤ ላብና ካፊያ ያጠፋዋል። የተሳፋሪ ተማሪዎች 48 ደርሶ መልስ ታሪፍ፤ ከ2 ሰዓት በኋላ ወደ ቤት መመለሻ 144 ጉዞ። መንገድ የሚመዘግቡ 4 ያገለገሉ ስልኮችና 4 ፓወር ባንክ። ለማንም አበል አይከፈልም።

በውጭ ሀገር ያላችሁ ወገኖቻችን መቁጠሪያውንና ስልኮቹን በሚመጣ ሰው ሻንጣ ብትልኩልን ትልቅ እገዛ ነው። ሒሳብ የምታስተምሩ ደግሞ ሠንጠረዦቹን በመመርመር አግዙን፤ ስሕተትን የሚያገኝ ሁለተኛ ዓይን ከገንዘብ አያንስም። እዚህ ያላችሁ እድሮችና ማኅበራት የአንድ ሰልፍ የአንድ ምሽት ወጪ መሸፈን ትችላላችሁ፤ ስድስት የመመለሻ ጉዞ፣ ሁለት ደርሶ መልስ ታሪፍ፣ ሰባት ገጽ ቅጽ። ደረሰኝ ሁሉ ከውጤቱ ጋር ለሰጪው ይታያል።

የተሰበሰበው ለአራቱ ካልበቃ የምንቀንሰው ሰልፍ ነው፣ ምሽት አይደለም። በሁለት ምሽት የተቆጠሩ አራት ሰልፎች የአንድን ቀን አደጋ ከዘወትሩ መለየት አያስችሉም። ቅድሚያ የምንሰጠው ለአያቱ ሰልፍ ነው፤ ለእርሱ ብቻ 6 ተማሪ፣ 3 መቁጠሪያ፣ 50 ገጽ ቅጽ፣ 300 ካርድ፣ 12 ደርሶ መልስ ታሪፍና 36 የመመለሻ ጉዞ ይበቃል።