ሳይገዙ መሸጥ፦ ትልቁን ቤት በትንሽ ለሚቀይሩ ጡረተኞች

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጋዜጣችሁን በየሳምንቱ ስገልጥ የአፓርታማ ሽያጭ ማስታወቂያዎች እየበዙ መምጣታቸውን አያለሁ፤ ስለ ቤት ግዢ የሚጻፉ ምክሮችም ጥቂት አይደሉም። ይሁን እንጂ ምክሮቹ የሚጻፉት ከሞላ ጎደል የመጀመሪያ ቤቱን ለሚገዛው ወጣት ነው። ራሳቸው በሠሩት ቤት ልጆቻቸውን አሳድገው፣ ልጆቹ በየፊናቸው ሲሄዱ ባልና ሚስት ብቻቸውን በአምስት ክፍል ውስጥ የቀሩ፣ ግቢ ማስጠረግና ጣሪያ ማስጠገን የከበዳቸው ሰዎች ቤታቸውን ሸጠው አነስ ወዳለ ቤት ለመግባት ሲያስቡ የሚያማክሩት ደላላውን ብቻ ነው። እኔና ባለቤቴ ከእነዚህ ሰዎች መካከል ነን። የደረሰብን ነገር በሌሎች ላይ እንዳይደርስ በማሰብ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁና ቦታ እንድትሰጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ቤታችን ኮተቤ አካባቢ በ240 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ያረፈ፣ በ1978 ዓ.ም. ከሥራ ባልደረቦቻችን ጋር በማኅበር ተደራጅተን ከቤትና ቁጠባ ባንክ በተበደርነው ገንዘብ የሠራነው ነበር። ብድሩ ከደመወዛችን እየተቆረጠ ተከፍሎ አልቋል። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሙሉውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ የሚከፍል ገዥ መጣ፤ ደላላው እንዲህ ያለ ገዥ ሁለተኛ አይገኝም እያለ ስላጣደፈን ሸጥንለት። ገዥው ቤቱን እንድንለቅ የሰጠን ጊዜ ሦስት ወር ነበር። እኛ የምንገባበትን ቤት ግን ገና አልመረጥንም ነበር፤ ገንዘብ በእጅ ካለ ቤት አይጠፋም ብለን ነበር።

ሰኔ ላይ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምድር ቤት ያለ ባለሁለት መኝታ አገኘን። ባለቤቱ 6,200,000 ብር ጠየቁ፤ እኛ ከ6,000,000 አናልፍም ብለን በ200,000 ብር ልዩነት ሦስት ሳምንት ስንከራከር ቆየን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ይፋዊ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ነሐሴ ላይ ስንደውልላቸው ባለቤቱ ለጊዜው መሸጡን ትተውታል። በመስከረም ራሳቸው ደውለው የጠየቁት 7,500,000 ብር ነበር። በዚህ አልወቅሳቸውም፤ እሳቸውም በሚያገኙት ገንዘብ ሌላ ቤት መግዛት ነበረባቸው። የእኛ ገንዘብ ግን እስከዚያ ድረስ በ7 በመቶ ወለድ በቁጠባ ሒሳብ ተቀምጦ ነበር፤ እኛም ቀነ ገደቡ ደርሶ ከቤታችን ወጥተን፣ ዕቃችንን በዘመድ ቤት አስቀምጠን በኪራይ ቤት ነበርን። በግንቦት ዋጋ ሸጠን በመስከረም ዋጋ ገዥዎች ሆንን። ለመጦሪያ ያሰብነውን ገንዘብ ላለመንካት ስንል በመጨረሻ እዚያው ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት በርከስ ባለ ዋጋ ገዛን። ይህም ሁለተኛው ስሕተታችን ሆነ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ቤት የሚቀይር ሰው በአንድ ጊዜ ሻጭም ገዥም ነው። የቤት ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም ሁለቱን በተቀራራቢ ቀን ከፈጸመ የሚጎዳው ጥቂት ነው፤ ጉዳቱ የሚመጣው በሽያጩና በግዢው መካከል ያለው ጊዜ ሲረዝም ነው። ስለዚህ የምገባበትን ቤት ሳልመርጥ፣ በዋጋው ሳልስማማና ሰነዱን ሳላጣራ የራሴን ቤት ባልሸጥኩ ይሻል ነበር። ከገዥያችን ጋርም ዋጋውን ጥቂት ቀንሰን የመልቀቂያ ጊዜውን ስድስት ወር እንዲያደርግልን መደራደር እንችል ነበር፤ አላሰብነውም። የሚቻል ሲሆን ሁለቱን ውሎች በአንድ ሳምንት ውስጥ መፈራረም ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል መመዝገብ ስላለበት፣ በደላላ ቢሮ በሁለት ምስክር የተፈረመ ወረቀት ይዞ ተዋውያለሁ ማለት ራስን ማታለል ነው።

አስቀድሞ ለመግዛት ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። እኔም ከመሸጣችን በፊት ሁለት ባንኮች ዘንድ ሄጄ፣ ዕዳ የሌለበትን የቤታችንን ካርታ በመያዣነት ላቅርብና ለስድስት ወር ብቻ የሚቆይ፣ ቤቱ እንደተሸጠ በአንድ ጊዜ የሚመለስ ብድር ስጡኝ ብዬ ጠይቄ ነበር። በሁለቱም ያገኘሁት መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ የቤት ብድር በወር ገቢ ተሰልቶ የሚሰጥና ተበዳሪው 60 ዓመት ሳይሞላው ተከፍሎ የሚያልቅ መሆን አለበት፣ የጡረታ አበል ደግሞ ለዚህ አይበቃም አሉኝ። እኔ የጠየቅሁት ግን በጡረታ አበሌ የሚከፈል የሃያ ዓመት ብድር አልነበረም፤ መክፈያው ራሱ የሚሸጠው ቤት ነው። ባንኩ ከሚሰጠው ገንዘብ ብዙ እጥፍ የሚያወጣ መያዣ በእጁ ይዞ፣ ዕድሜዬ ስልሳ በማለፉ ብቻ መከልከሌ እስከ አሁን ድረስ ይቆጨኛል።

ወደ አራተኛው ፎቅ ልመለስ። በአገራችን በብዛት የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ምድርና አራት ፎቅ፣ ሊፍት የሌላቸው ናቸው። ቤቱን ያየነው በጠዋት፣ በፀሐይ፣ ባዶ እጃችንን ወጥተን ስለነበር ደረጃው አልከበደንም፤ ባለቤቴ እንዲያውም ከመስኮቱ የሚታየውን ወድዳው ነበር። ከገባን በኋላ ግን ውኃው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም በሌሊት የሚመጣ ሲሆን ግፊቱ ሲያንስ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይቀራል። ባለ ሃያ ሊትሩን ጀሪካን በየደረጃው መታጠፊያ እያሳረፍኩ ሳወጣ ሰባ ሁለት ደረጃዎች ቆጥሬአለሁ። ባለፈው ጥር ባለቤቴ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ ወደ ሐኪም ቤት ስንወስዳት የጎረቤት ልጆች በፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ አራቱ ወንበሩን ይዘው አንዱ ከፊት ወደኋላ እየተራመደ ትከሻዋን ደግፎ አወረዷት። ስድስት ሳምንት ሙሉ ከዚያ ቤት አልወጣችም። ሥላሴ ልጆቹን ይባርክልን፤ ነገር ግን ቤት ስንመርጥ የደረጃውን ነገር አስበንበት ቢሆን ይህ ባልደረሰ ነበር።

ስለዚህ ቤታቸውን ለመሸጥ ያሰቡ ሁሉ አስቀድመው፣ የገዛ ቤታቸውን ዘግተው፣ ሊገዙ በሚያስቡት ሰፈርና በሚያስቡት ዓይነት ቤት ቢያንስ ለጥቂት ወራት ተከራይተው እንዲኖሩ እመክራለሁ። የኪራዩ ወጪ የማይመለስ ቢሆንም በማይኖሩበት ቤት ላይ ሚሊዮኖች ከማፍሰስ ይቀላል። በእነዚያ ወራት ውኃው በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ጤና ጣቢያው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የሕንፃው ነዋሪዎች ማኅበር የጋራ መብራትንና ጣሪያን በአግባቡ ይጠብቅ እንደሆነ፣ በየወሩ ስንት እንደሚዋጣ ይታወቃል። የእድሩም ነገር ቀላል አይደለም። በኮተቤው እድር ሠላሳ አምስት ዓመት ከፍለናል፤ ወደ ሰሚት ስንመጣ እድሩ የጠየቀን መግቢያ መሥራቾቹ እስከ ዛሬ ካዋጡት ጋር እንዲመጣጠን ተብሎ የተሰላ በመሆኑ ትንሽ አልነበረም። የቀድሞውን እድር ላለመልቀቅ ብለን ሁለቱንም እንከፍላለን። ነገር ግን ለቅሶ ለመድረስ ሁለት ታክሲ መያዝ የሚኖርበት እድርተኛ ቀስ በቀስ መቅረቱ አይቀርም፤ ለሠላሳ አምስት ዓመት አብሮን የኖረው ሰው ደግሞ በገንዘብ የሚተካ አይደለም።

ሰነዱን በሚመለከት፣ ገዥ ከመምጣቱ በፊት ተጣርቶ ማለቅ ያለበት ነገር አለ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት የባልና የሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም። ከሁለቱ አንዳቸው የሞቱ እንደሆነ ደግሞ በሕይወት ያሉት ብቻቸውን የቤቱ ባለቤት አይደሉም፤ ኑዛዜ ከሌለ የሟች ድርሻ ወደ ልጆች ይተላለፋል። አንዲት የኮተቤ ጎረቤታችን ባለቤታቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ቢያልፍም ካርታው በሟች ስም እንደነበረ ቤቱን ለመሸጥ ተስማምተው ቀብድ ተቀበሉ። ቀጥሎ የወራሽነት ማስረጃ ሲጠየቅ ከልጆቹ አንዷ ከምትኖርበት አገር ውክልና ለመላክ ሰባት ወር ፈጀባት። ገዥው አልጠብቅም አለ። በሕጉ ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል፤ ሽማግሌ ገብቶ ቢቀነስላቸውም ጎረቤታችን ከተቀበሉት በላይ መልሰው ቤቱም ሳይሸጥ ቀረ። የወራሽነት ማስረጃውንም ሆነ ውክልናውን ማስወጣት የሚገባው ቤቱ ለሽያጭ ከመውጣቱ በፊት ነው።

እንደ እኛ ያለውን ነባር ቤት ለሚገዛው ወጣትም አንድ ነገር ልንገር። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ፣ ማለትም ያለ ሊዝ ቀድሞ የተያዘ ቦታ፣ ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ገዥው ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ሥሪት፣ ማለትም ከመንግሥት ጋር በሚደረግ ውል ለተወሰነ ዘመን እየከፈለ፣ እንደሆነ ይደነግጋል። ሻጩ ይከፍሉ የነበረውን አነስተኛ የቦታ ኪራይ እኔም እቀጥላለሁ ብሎ የሚያስላ ገዥ ሒሳቡን ከሥሩ ይሳሳታል። ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በራሱ እግር ክፍለ ከተማው ዘንድ ሄዶ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን፣ በጓሮ የተሠሩት ሰርቪስ ክፍሎች በፈቃድ የተሠሩ መሆናቸውን፣ ቦታው በመልሶ ማልማት ዕቅድ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ማረጋገጥ አለበት፤ ይህን ለደላላ መተው አይገባም።

ከሽያጩ የሚተርፈው ገንዘብ ብዙ ጡረተኞችን የሚያታልል ነው። አንድ ሰው 5,000,000 ብር ቢተርፈውና በ7 በመቶ ወለድ ቢያስቀምጠው በዓመት 350,000 ብር፣ በወር 29,000 ብር ገደማ ያገኛል፤ ከጡረታ አበል ጋር ሲደመር ደኅና ገቢ ይመስላል። ነገር ግን የዋጋ ንረቱ 15 በመቶ ነው ብንል፣ ወለዱን ሳይነካ ሁሉንም ቢተወው እንኳ በዓመቱ መጨረሻ ያ ገንዘብ የሚገዛው ዛሬ በ4,650,000 ብር የሚገዛውን ብቻ ነው። ወለዱን እየበላ ከኖረ ደግሞ ዋናው ገንዘብ ሳያየው እያለቀበት ነው። ንረቱ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ እንደነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ የዓመት ወጪና ለሕመም የሚሆን በባንክ አስቀምጦ፣ የቀረው ቢበቃ አነስተኛ ስቱዲዮ ወይም ባለአንድ መኝታ ገዝቶ ማከራየት የተሻለ ነው እላለሁ። በ2016 ዓ.ም. በወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 መሠረት ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ እንደሌለበት፣ የቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንደማይበልጥ፣ ጭማሪውም መንግሥት በዓመት አንድ ጊዜ በሚያሳውቀው መጠን ብቻ እንደሚሆን አውቆ መግባት ግን ይገባል። ለልጅ ንግድ ማስፋፊያ ብሎ ሙሉውን መስጠትን በሚመለከት ብዙ ቤተሰብ ሲጣላ ስላየሁ የምሰጠው ምክር አጭር ነው፦ የሚሰጠው ባይመለስ የማይጎዳን ያህል ብቻ ይሁን።

መሸጥ ብቸኛው መንገድ አለመሆኑንም ዘግይቼ ተረድቻለሁ። በቀድሞው ግቢያችን ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ነበሩ። ትልቁን ቤት አከራይተን፣ ሰርቪሱን አሳድሰንና መታጠቢያ ጨምረንበት እዚያው ብንኖር፣ ደረጃ የለውም፣ እድሩ አይርቅም፣ ቤተ ክርስቲያኑም በእግር ይደረስበታል። በራሳችን ግቢ ተከራይ መምሰል ነውር መስሎን አልተመካከርንበትም፤ ልጆቻችንም ይህን ሲሰሙ ያፍሩብናል ብለን ሰግተን ነበር። አሁን ያንን ግቢ ሳልፍበት ሰርቪሶቹ ፈርሰው ሕንፃ እየተሠራበት ነው።

በዚህ አጋጣሚ ሁለት ጥያቄ አለኝ። የመጀመሪያው ለባንኮችና ለብሔራዊ ባንክ ነው፤ ዕዳ የሌለበት ቤት ላላቸውና አነስ ወዳለ ቤት ለሚዛወሩ ሰዎች፣ በሚሸጠው ቤት ዋስትና የሚሰጥ፣ በዕድሜና በወር ገቢ ሳይሆን በሽያጩ ገንዘብ የሚመለስ የአጭር ጊዜ ብድር እንዲታሰብበት እጠይቃለሁ። ሁለተኛው ለዝግጅት ክፍላችሁ ነው፤ ስለ ስም ማዛወሪያ ወጪ፣ ስለ ቴምብር ቀረጥና በቅርቡ ስለወጣው የንብረት ታክስ አንድ የሕግ ባለሙያ ለሻጭም ለገዥም በሚገባ ቋንቋ በተከታታይ እንዲጽፍልን ብታደርጉ፣ ዘንድሮ ብቻ ከቀድሞው ሰፈሬ ሦስት ባልና ሚስት ቤታቸውን ለሽያጭ ሊያወጡ መሆኑን ነግረውኛልና ቆርጬ እወስድላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ ጡረተኛ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ