ጉዳዩ፦ ሥራውን ጨርሶ ስለሚጠፋው ፋይል

ለውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ሳምንት የዋጋ ማስተካከያ ፋይል ልከንላችሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልካችን አላረፈም። ጥያቄው ከሞላ ጎደል አንድ ነው። «ሁለቴ ክሊክ አደረግነው፣ ጥቁር መስኮት ብልጭ አለና ጠፋ፣ ፋይሉም ዴስክቶፕ ላይ የለም። ቫይረስ ነው እንዴ?» አንድ ደንበኛችንማ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ሲፈልጉት አምሽተዋል። በትእዛዝ የተሰረዘ ፋይል እዚያ አይገባም።

ቫይረስ አይደለም። ራሱን እንዲሰርዝ አድርገን የጻፍነው እኛው ነን። ቀድመን ሳንነግራችሁ መቅረታችን ግን ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

የላክንላችሁ ፋይል ስክሪፕት ነው። ስክሪፕት ማለት ኮምፒውተሩ ከላይ ወደ ታች እያነበበ የሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር ነው። አንዳንዱን አሥር ጊዜ ብታስኬዱት ምንም አይሆንም። የዋጋ ማስተካከያው ግን እንደዚያ አይደለም። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ 10 በመቶ ይጨምራል። 100 ብር የነበረው 110 ይሆናል። ከሰዓት የገባ ሠራተኛ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ዳግም ከከፈተው 121 ይሆናል። ስህተቱን ቀድሞ የሚያየው ደግሞ ገዢያችሁ ነው። ስለዚህ አንዴ ሠርቶ ከዓይን ዘወር እንዲል ፈለግን።

ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ነው። መጨረሻው መስመር ላይ «ይህን ፋይል ሰርዝ» ብሎ መጻፍ። ዊንዶውስ ግን አንድ አመል አለው። ባች ፋይል (የላክንላችሁ ዓይነት ስክሪፕት) የሚያስኬደው ሲኤምዲ (ያ ጥቁር መስኮት) ሙሉውን ፋይል አንድ ላይ አያነብም። አንድ መስመር አንብቦ ይፈጽማል፣ ለቀጣዩ መስመር ፋይሉን እንደገና ይከፍታል። ተመልሶ ሲመጣ ፋይሉ ከሌለ «ባች ፋይሉ ሊገኝ አልቻለም» የሚል መልእክት ያወጣል። መስኮቱ ከመዘጋቱ በፊት ብልጭ ያለባችሁ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እሱ ነው። ጉዳት የለውም፣ ሥራው ከዚያ በፊት አልቋል። ማስደንገጡ ግን አይካድም። መድኃኒቱ ከፋይሉ መውጣትንና መሰረዝን አንድ መስመር ላይ መጻፍ ነው። ሲኤምዲ ያችን መስመር አንዴ ካነበበ ሌላ ፍለጋ አይመለስም። አዲሱን ፋይል እንደዚያ ጽፈነዋል።

ሊኑክስ ሰርቨር ያላችሁ ይህ አይገጥማችሁም። እዚያ መሰረዝ ማለት የቤት ቁጥሩን ከበሩ ላይ ማንሳት ነው። ውስጥ ሰው እስካለ ቤቱ አይፈርስም። እየሠራ ያለው ፕሮግራም ፋይሉን እስኪዘጋው ድረስ ይዘቱ ዲስኩ ላይ ይቆያል።

ሌላው ነገር አድራሻ ነው። ስክሪፕቱ የሚሰርዘው ራሱን መሆኑን በምን ያውቃል? ስሙን ብቻ ብንጽፍለት፣ መሃል ላይ ሌላ ፎልደር ውስጥ ከገባ እዚያ ያለውን ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሙሉ አድራሻውን ይጠቀማል፣ እሱንም በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጎ። ጥቅሷ ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን የሁላችንም ዴስክቶፕ «ኒው ፎልደር» በሚሉ ፎልደሮች የተሞላ ነው፣ በመሃሉ ደግሞ ክፍት ቦታ አለ። ያለ ጥቅስ ከተጻፈ ዊንዶውስ አንዱን አድራሻ ሁለት አድርጎ ይረዳዋል። ያላሰባችሁትን ነገር ልሰርዝ ሲል ልታገኙት ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ጉድ እንምጣ። ከዚህ በፊት ለአንድ ሱቅ የፕሪንተር ማስተካከያ በፓወርሼል (በሌላ የዊንዶውስ ስክሪፕት ማስኬጃ) ጽፈን ነበር። ፓወርሼል ሙሉውን ፋይል ቀድሞ ሜሞሪ ውስጥ ስለሚያስገባ፣ ገና ሲጀምር ራሱን ቢሰርዝም ሥራውን ይቀጥላል። እኛም ብልጥ ሆነን የመሰረዣውን መስመር አናት ላይ አደረግነው። ስክሪፕቱ የድሮውን ፕሪንተር ነቅሎ አዲሱን ሳይተክል መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመለስ ፕሪንተርም የለም፣ ስክሪፕትም የለም፣ የት ድረስ እንደሠራ የሚናገር ነገርም የለም። ሱቁ ግማሽ ቀን ያለ ደረሰኝ ቆመ።

ዊንዶውስ ራሱ ይህን ጉዳይ አስቦበታል። ተጠቃሚው ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ አንዴ ብቻ መሥራት ያለበት ትእዛዝ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ) ውስጥ «ረን ዋንስ» በሚባል ቦታ ይመዘገባል። በተለምዶ ምዝገባው የሚሰረዘው ትእዛዙ ከመጀመሩ በፊት ነው። ከስሙ ፊት ቃለ አጋኖ ከተጨመረ ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ይሰረዛል። አንዲት ምልክት ናት፣ ያን ቀን ብናስታውሳት ኖሮ ግን ከጣጣው እንድን ነበር።

ከዚህ በኋላ የምንልካቸው ፋይሎች የሚሰረዙት መጨረሻ ላይ ብቻ ነው፣ ያውም ሥራው መሳካቱን አይተው። ካልተሳካ ፋይሉ እዚያው ይቆያል። የዋጋ ማስተካከያው ከመጀመሩ በፊት የድሮውን ዋጋ ኮፒ ያደርጋል። መብራት ቢሄድበት፣ እንደገና ስትከፍቱት መጀመሪያ የድሮውን ዋጋ ይመልስና ከዜሮ ይጀምራል። ሲጨርስ ደግሞ ቀንና ሰዓት ያለበት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ትቶ ይሄዳል። የፋይሉ ሌላ ኮፒ ፍላሽ ላይ ቀርቶ ሰው ቢከፍተው፣ ያንን ማስታወሻ አይቶ ምንም ሳይነካ ይወጣል። እውነቱን ለመናገር ዋጋው ሁለቴ እንዳይጨምር የሚጠብቃችሁ ማስታወሻው ነው። መሰረዙ ዴስክቶፑን ከማጽዳት ብዙም አያልፍም።

ምክንያቱም ፋይሉ የሚሰርዘው የተከፈተባትን ኮፒ ብቻ ነው። በቴሌግራም የላክንላችሁ ቻቱ ላይ አለ። ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥም ሌላ ሊኖር ይችላል። የተሰረዘው ራሱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ከዲስክ ላይ በመልሶ ማውጫ ሶፍትዌር ሊገኝ ይችላል። «ስክሪፕቱ ይጠፋ የለ፣ ፓስወርዱን ውስጡ ጻፉት» ያላችሁን ደንበኞች እምቢ ያልነው ለዚህ ነው። ወደፊትም እምቢ እንላለን።

አንቲቫይረሳችሁ ፋይሉን ቢይዘው አትቆጡት። ሠርቶ ዱካውን የሚያጠፋ ፋይል ከሌባ ጋር ቢመሳሰልበት አይፈረድበትም፣ ብዙ ቫይረሶች እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። እባካችሁ አንቲቫይረሱን አጥፍታችሁ ፋይሉን አትክፈቱ። ደውሉልን፣ መጥተን እናየዋለን። በእኛ ስም ያልጠበቃችሁት ፋይል ከመጣም ከመክፈታችሁ በፊት ደረሰኛችን ላይ ባለው ስልክ ጠይቁን። መልእክቱ ላይ ባለው ስልክ አይደለም።

ያለፈው ሳምንት ፋይል ኮፒ ፍላሽ ወይም ቴሌግራም ላይ ካላችሁ እሱን እናንተው ሰርዙት። ማስታወሻ ማየት አያውቅም፣ ከተከፈተ 10 በመቶውን ደግሞ ይጨምራል። ዋጋው ሁለቴ የጨመረባችሁ ካላችሁ እኛ እስክንመጣ በእጃችሁ አታስተካክሉ። ያለ ክፍያ እንመልሰዋለን።

ከሰላምታ ጋር
የጥገና ክፍል