ጓጓ ማለት አውቶብስ ነው

ኮምፓኜራዬ፣

እንዴት ነሽልኝ አቦ? ይሄ ቁጥርሽ አሁንም የሚሠራ ከሆነ ነው እንግዲህ። አራት ዓመት ዝም ብላ ዛሬ በሌሊት ምን ነካት እንዳትዪ፣ መብራት ሄዶ ቬንትሌተሩ ቆመና እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ የግንቦትን ድሬ ታውቂው የለ። የዝምታዬን ነገር ደግሞ ሳልነግርሽም ታውቂዋለሽ። እማማ ያረፉ ጊዜ ዛሬ ልደውል ነገ ልደውል ስል አርባቸው አለፈ፣ አርባው ካለፈ በኋላማ ምን ብዬ ልደውል፣ ከዛ ሰማንያው፣ ከዛ ሙት ዓመቱ፣ በቃ እያፈርኩ እያፈርኩ እዚህ ደረስኩ። ነፍሳቸውን ይማር። ሌላ ሰበብ የለኝም፣ ልትቆጪኝ ከፈለግሽ ተቆጪኝ።

አሁን አስተማሪ ሆኛለሁ። የምን ካልሽኝ ያ ኩባ የተማርነው እስፓኒሽ! ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ልጆች ናቸው፣ ሳምንት ሁለቴ፣ በነፃ። ነገሩ የጀመረው በጎረቤቴ ልጅ ነው፣ ላሊጋ ሲያይ ኮሜንታተሩ "ጎላሶ!" እያለ ይጮሃል አይደል፣ ምን ማለት ነው አለኝ፣ ጎል ላይ አሶ ስትጨምርበት የጎል ትልቁ እንደማለት ነው አልኩት፣ በነጋታው አራት ሆነው በሬ ላይ ቆመዋል። ሲበዙብኝ ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት ሄጄ ክፍል ለመንኩ፣ ሰጡኝ፣ ግን አንዱ ወላጅ እዛው ዳይሬክተሩ ፊት "እንግሊዝኛውን በቅጡ ሳይዙ ይሄ ምን ያደርግላቸዋል?" አለኝ። ሃያ አገር የሚናገረው ቋንቋ ነው ምናምን ብዬ ተከራከርኩ እንጂ ሰውየው አልተሳሳተም እኮ። እውነቱን ካወራን የጠቀመው እኔን ነው፣ ቤት ቁጭ ብዬ ከግድግዳ ጋር ላወራ ምንም አልቀረኝም ነበር።

የኛ ልጆች ለእስፓኒሽ የተፈጠሩ ናቸው ብልሽ ታምኛለሽ? አምስት አናባቢ ብቻ፣ አምስቱም ከኛው ፊደል ውስጥ አሉ። ፈረንጁ አፉን የሚያጣምምባት ኝ እንኳን ለነሱ ምንም አይደለችም፣ ማኛና ስላቸው "የማኛ ጤፍ ነው?" ብለው ሳቁና በዛው ያዙት። ፔሮ እና ፔሮ፣ ያው "ግን" እና "ውሻ"፣ እኛን ስንት ቀን ያስለቀሰን፣ ገና አልመጣም ስትሉና የገና በዓል ስትሉ ገና አንድ ነው? አልኳቸው፣ አይደለም! አሉ፣ አለቀ። "ራሴን ያመኛል"ም ቁርጥ እንደኛ ነው፣ ሜ ዱኤሌ፣ ጭንቅላቴ ነው እኔን የሚያመኝ እንጂ እኔ ራስ ምታት "የለኝም"። ኩባ ውስጥ ጓጓ አውቶብስ ነው ስላቸው ግን አንዱ ከወንበሩ ወድቆ ነው የሳቀው፣ አሁን ባጃጅ ሁሉ ጓጓ ሆኗል።

ሱቅ የምንልክላቸውን ነገር ላስተምር ብዬ ደግሞ አሱካር፣ አሮስ፣ አሴይቴ ስል ቁርአን ቤት የሚማር አንድ ልጅ "ቲቸር ይሄማ አረብኛ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው! ስኳር፣ ሩዝ፣ ዘይት። ሙስሊሞች እስፔን ውስጥ ከ711 እስከ 1492 ገዝተዋል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ስንት ቃል ትተው ሄዱ መሰለሽ አልኩት፣ ኦሃላም እኮ፣ ያው ኢንሻላህ እንደማለት፣ ከአላህ ስም የመጣ ነው። ምነው ባልነገርኩት፣ ይኸው አሁን የቤት ሥራ ትሠራለህ ወይ ስለው "ኦሃላ!"

ያስቸገረኝ ቀንም አለ። ሰሌዳ ላይ ፊት ስዬ ላ ካራ አልኩ። አንዱ ከኋላ "ካራማ ቢላ ነው" አለ፣ አንዷ ተነስታ "አይደለም መንገድ ነው!" አለች፣ በኦሮምኛ ማለቷ ነው፣ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ሁላችሁም ልክ ናችሁ እያልኩ ሳስታርቅ አንዷ ትንሽዬ "ካራማራስ?" አትልም! ዝም አልኩ። ካራማራ ባይኖር፣ ያ ጦርነት ባይኖር፣ አንቺና እኔ እዛ የኩባ ደሴት፣ ኢስላ ደ ላ ሁቬንቱድ ምን እንሠራ ነበር? የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ተመልሳ በኛ ጦር ተያዘች ተብሎ ሰፈሩ ሲጨፍር እኛ ቤት የአባዬ ለቅሶ ላይ ነበርን። ክፍሌ ውስጥ ደግሞ የሶማሌ ልጆች አሉ፣ አያቶቻቸው በዛው ጦርነት ያለቁባቸው፣ ዘጠኝ ዓመት ላልሞላው ልጅ ምን ብዬ ላውራ። የተራራ ስም ነው ብዬ ወደ አፍንጫ አለፍኩ። ልክ ሠርቻለሁ ትያለሽ?

እሺ አሁን የጻፍኩልሽ በምን ምክንያት እንደሆነ። አንድ ዝምተኛ ልጅ አለኝ፣ እናቱ አረብ አገር ናት። ባለፈው ማክሰኞ ሁሉም ሲወጡ ቀረና "ቲቸር ናፈቀችኝ እንዴት ነው የሚባለው?" አለኝ። ጠፋብኝ! ወላሂ ጠፋብኝ፣ ጠመኔ ይዤ ቆምኩ። ከዛ ምን መጣልኝ መሰለሽ፣ ኩባ ቶሮንሃ፣ ያው ግሬፕፍሩት፣ ስንለቅም አንቺ ሁልጊዜ አንዷን ትደብቂና ልጣጯ ላይ በጥፍርሽ ቴ ኤስትራኞ ማማ ብለሽ ትጭሪያት ነበር፣ ዘይቷ ዓይንሽ ውስጥ እየገባ፣ ከዛ ቅርጫቱ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ትቀላቅያት ነበር፣ ኃላፊዋ አንድ ቀን አግኝታው ሳትቆጣ መልሳ ያስቀመጠችው። ቃሉ የመጣልኝ በጥፍርሽ ጽሕፈት ነው። ለልጁ ላ ኤስትራኞ በል አልኩት፣ በአማርኛ ፊደል ደብተሩ ላይ ጻፈና ሁለቴ አሰመረበት። እኔ ደግሞ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፣ ለእማማ ነው መሰለኝ፣ በአራት ዓመቱ።

አንድ ነገር አስቸግርሽ። ያቺ በኤሬ፣ ማለት በ"ር" ድምፅ፣ ምላስ የምታስተሳስር ግጥም፣ ኤሬ ኮን ኤሬ ሲጋሮ፣ ኤሬ ኮን ኤሬ ባሪል፣ ራፒዶ ኮሬን ሎስ ካሮስ፣ ከዛ በኋላ መጨረሻው ፌሮካሪል እንደሆነ ነው እንጂ መሃሉን ረሳሁት። ፌሮካሪል ባቡር ሐዲድ ነው ስላቸው እብድ ነው የሆኑት፣ ይቺ ከተማ እኮ በ1895 ባቡሩ ደረሰ ተብሎ የተቆረቆረች ናት፣ አያታቸው ባቡር ድርጅቱ፣ ሽሚንደፈር፣ ያልሠራ ስንት አለ ብለሽ ነው፣ እነሱ ግን አሮጌውን ጣቢያ በአጥር ነው የሚያዩት፣ አዲሱ ደግሞ ከከተማ ወጥቶ ሩቅ ነው። እኔ የፊት ጥርሴን ካስነቀልኩ ወዲህ ኤሬው እንደ ድሮው አይንከባለልልኝም። አንቺ በድምፅ ቀድተሽ ላኪልኝ፣ ቀስ አድርገሽ አንዴ፣ ፈጠን አድርገሽ አንዴ፣ እንደ ኩባኖች ኤሱን፣ የ"ስ"ን ድምፅ፣ እንዳትበዪው ብቻ።

ሐሙስ ክፍል አለኝ። ጓደኛዬ ትልክልናለች ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፣ ሳልጠይቅሽ።

ያንቺው፣
ከድሬ፣ ከዚራ