የፉቲ ሊስት ክበብ የ2024 ዘገባ

ክበቡ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአማርኛ ትምህርት በኋላ ለአንድ ሰዓት ተኩል ይሰበሰባል። ዘንድሮ ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል 24 ተማሪዎች ተመዝግበው በአራት ቡድን ሠርተዋል። ኳስ የሚመታበት ክበብ ስላልሆነ ሜዳ አንጠይቅም፤ የሚያስፈልገን አራት ጠረጴዛ፣ 176 ካርድ፣ እርሳስና ብዙ ላጲስ ነው። ተማሪዎቹ የሚለማመዱት አንድ የኤኤፍኤል (የአውስትራሊያ እግር ኳስ፣ ማለትም የፉቲ ሊግ) ክለብ ተጫዋቾቹን እንዴት እንደሚይዝ፣ ማንን እንደሚያስፈርምና እንደሚያሰናብት፣ ለሳምንቱ ጨዋታም ማንን እንደሚያሰልፍ ነው። ሜልበርን ያደገ ልጅ ስለ ፉቲ አፉን ሲከፍት ቋንቋው ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ ስለሚዞር፣ ክርክሩ ሁሉ በአማርኛ እንዲሆን ደንብ ወጥቷል። ራክ፣ ዊንግ (ክንፍ)፣ ድራፍት (ክለቦች አዲስ ተጫዋች በተራ የሚመርጡበት)፣ ፒክ (የምርጫ ተራ) እና ቢድ (ሌላ ክለብ መብት ያለበትን ልጅ በራስ ፒክ ለመውሰድ መጠየቅ) እንዳሉ ተወስደዋል። «ሊስት»ን (የክለቡን ተጫዋቾች ዝርዝር) «መዝገብ» ለማለት ተሞክሮ ሁለት ሳምንት እንኳ አልዘለቀም።

ጨዋታውን ለማያውቁ ወላጆች ባጭሩ፦ ሞላላ ሜዳ ላይ ከየቡድኑ 18 ሰው ይሰለፋል። ኳሱ በሁለቱ መሐል ቋሚዎች መካከል ተመትቶ ሲያልፍ 6 ነጥብ፣ በዳር ቋሚዎቹ በኩል ሲያልፍ 1 ነጥብ ነው። ራክ የሚባለው ረጅሙ ሰው ዳኛው ወደ ላይ የሚልከውን ኳስ ዘሎ ለጓደኞቹ የሚያወርድ ነው። የቀረውን ልጆቻችሁ ያስረዷችኋል፤ ችግሩ ማስቆሙ ላይ ነው።

ፌብሩዋሪ ሙሉውን የሄደው ሊስት በመሙላት ነው። በ2024 ደንብ አንድ ክለብ በዋናው ሊስት ከ36 እስከ 38፣ በሩኪ (የጀማሪዎች) ሊስት ደግሞ ከ4 እስከ 6 ተጫዋች ይይዛል፤ ሁለቱ ተደምረው ከ42 አይበልጡም። ከሌላ ስፖርት ለሚመጡና ለመሳሰሉት የተተዉ ሁለት ተጨማሪ የሩኪ ቦታዎች ሲደመሩ 44 ይሆናል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቡድን 44 ካርድ ይሰጠዋል።

ካርዶቹ ላይ ስም አይጻፍም። ግራ ጥግ ላይ ኮንትራቱ የሚያልቅበት ዓመት፣ ቀኝ ጥግ ላይ ዕድሜ፣ መሐል ላይ የሚጫወትበት ቦታ፣ ግርጌ ላይ ከ100 የደመወዝ ነጥብ የሚወስደው ድርሻ ይሰፍራል። ስም ያለበት ካርድ ከተሰጠ ክርክሩ «እሱማ ጎበዝ ነው» ላይ ይቆማል። ቁጥር ብቻ ሲሆን ግን ልጁ ሳይወድ በግዱ «በ2026 ማን ይተካዋል?» ብሎ ይጠይቃል። የሊስት ሥራ ማለት ደግሞ ይኸው ጥያቄ ነው።

ከአራቱ ቡድኖች ሦስቱ የሠሩት ስህተት አንድ ዓይነት ነበር፦ ከ10 በላይ ኮንትራቶች በአንድ ዓመት እንዲያልቁ አደረጉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ለሁሉም «ሦስት ዓመት» መስጠት ፍትሐዊ ይመስላል። ያ ዓመት ሲደርስ ግን ክለቡ ከአሥር ሰው ጋር በአንድ ጊዜ ይደራደራል፤ ዋጋውን የሚተምኑትም ተጫዋቾቹ ይሆናሉ። በአንድ ክለብ 8 ዓመት ያገለገለ ተጫዋች ኮንትራቱ ሲያልቅ ፍሪ ኤጀንት (ወደፈለገው ክለብ መሄድ የሚችል) ይሆናል። ከክለቡ ከፍተኛ ተከፋዮች አንዱ ከሆነ ክለቡ የሌላውን ክለብ ዋጋ አስተካክሎ ሊያስቀረው ይችላል፤ ካልሆነ ዝም ብሎ ይሸኘዋል።

ሁለተኛው ስህተት የነጥብ ክፍፍል ላይ ነው። አንዱ ቡድን ለአራት ኮከቦች 34 ነጥብ ሰጠ። ለቀሩት 40 ሰዎች 66 ነጥብ ቀረ፤ በአማካይ 1.65 ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሊስት የሚፈርሰው ከላይ አይደለም። 1 ነጥብ የሚከፈለው ሁነኛ ተከላካይ ሌላ ክለብ 3 ሲሰጠው ይሄዳል፤ ኮከቦቹ ባሉበት ናቸው፣ ጀርባቸው ግን ባዶ ነው። በእውነተኛው ሊግ ኮሊንግዉድ በ2020 መጨረሻ ትሬሎርን፣ ስቲቨንሰንንና ፊሊፕስን በአንድ የዝውውር ወቅት ያሰናበተው የደመወዝ ጣሪያው ስለጠበበው ነበር፤ ትሬሎር ሌላ ክለብ እየተጫወተ እንኳ የደመወዙን ከፊል ይከፍል የነበረው ኮሊንግዉድ ነው። ያው ክለብ በ2023 ብሪዝበንን 90 ለ86 አሸንፎ ዋንጫ ማንሳቱን ልጆቹ ለመከራከሪያ ደጋግመው ጠቅሰውታል። ትክክል ናቸው፤ መራራውን መድኃኒት ቶሎ የዋጠ ቶሎ ይድናል።

አንዷን ካርድ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። 2024፣ 31፣ ራክ፣ 6። ከጀርባው ያለው ራክ 20 ዓመቱ ነው። ረጃጅሞች ዘግይተው ነው የሚበስሉት፤ አብዛኛው ራክ ብቻውን ጨዋታ የሚሸከመው 23 ወይም 24 ሲሞላው ነው። ስለዚህ መሐል ላይ የሦስት ዓመት ክፍተት አለ። ቡድኑ አንጋፋውን አሰናብቶ ነጥቡን ለአጥቂ ሊሰጥ ተነሣ። ሌላ ክለብ ያለውን የ27 ዓመት ተጠባባቂ ራክ እናምጣ የሚል ሐሳብም ቀረበ፤ እሱ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ የተጫወተው ጥቂት ስለነበር ከእጅ አይሻል ዶማ ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻ አንጋፋው በ4 ነጥብ አንድ ዓመት ተጨመረለት፤ የሚቀጥለው ዓመት የሚታደሰውም የተወሰነ ጨዋታ ከተጫወተ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። ከሥራዎቹ ሁሉ ጥሩው ይህ ነው ማለት ይቻላል።

ለዕድሜ ሥርጭት ሁለት ክለቦች በምሳሌነት ቀርበዋል። ሪችመንድ በ2017፣ በ2019 እና በ2020 ዋንጫ አንሥቶ በ2024 ከ18ቱ ክለቦች መጨረሻ ወጣ። ዋንጫ ያመጡት ሰዎች አንድ ላይ አረጁ፤ በ2022 ደግሞ ከግሬተር ዌስተርን ሲድኒ ሁለት አማካዮችን ለማምጣት የመጀመሪያ ዙር ፒኮቹን አሳልፎ ሰጠ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ጂሎንግ በበኩሉ በ2022 ፍጻሜ ያሰለፈው ቡድን በፍጻሜ ታሪክ ከሁሉ በዕድሜ የገፋው ነበር፤ ሆኖም ሲድኒን 133 ለ52 አሸነፈ። ልዩነቱ ጂሎንግ ከሥር መመገቡን አለማቋረጡ ነው። ቶም ስቱዋርትን በ2016 ሲመርጠው የ23 ዓመት ሰው፣ የሰፈር ክለብ ተጫዋች፣ የድራፍቱም 40ኛ ፒክ ነበር።

ከማርች ጀምሮ ሳምንታዊው ምርጫ ተያያዘ። ተማሪዎቹ ሐሙስ ማታ ክለቦቹ አሰላለፋቸውን ከማውጣታቸው በፊት የራሳቸውን 23 ሰው በቴሌግራም ይልካሉ፦ በ2024 ደንብ 18 ሜዳ፣ 4 ቤንች፣ 1 ሰብ (አንዴ ብቻ ተቀይሮ የሚገባ ተጠባባቂ)። ቅዳሜ ከእውነተኛው ጋር ይመዛዘናል። የእሑድ ጨዋታ ያላቸው ክለቦች ሐሙስ ሰፋ ያለ ዝርዝር ስለሚያወጡ የመጨረሻው ዓርብ ነው የሚታየው።

ምርጫው የሚጀምረው ከጉዳት ዝርዝሩ ነው። ጭንቅላቱ ተመትቶ ኮንከሽን የተባለ ተጫዋች ቢያንስ 12 ቀን ያርፋል። ቅዳሜ የተመታ፣ ቀጣዩ ቅዳሜ 7ኛ ቀኑ ስለሆነ አይጫወትም፤ 12ኛው ቀን ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው ሐሙስ ላይ ይውላል። ይህን ቆጠራ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሳቱት፤ «አንድ ጨዋታ ያልፈዋል» ብለው ብቻ ይጽፉ ነበር። የቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ስህተቱ ቀረ። ቀጥሎ የሚታየው ተጋጣሚው ነው። ስንት ረጃጅም አጥቂ ያሰልፋል? ሦስት ከሆነ ሦስት ረጃጅም ተከላካይ ያስፈልጋል፤ አራተኛ ከተጨመረ ግን ኳስ ከኋላ ይዞ የሚሮጥ ሰው ያንሳል። ከዚያ ሜዳው ይታያል። የጂሎንግ ሜዳ ስፋቱ 115 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ክንፍ ላይ ለመክፈት የሚመረጥ ፈጣን ሰው እዚያ ቦታ ያጣል።

ጁን ላይ ዝናቡ ሲበረታ አንዱ ቡድን አራት ረጃጅም አጥቂ አሰለፈ። በወረቀት ሲታይ አስፈሪ ነው። እርጥብ ኳስ ግን በአየር ላይ አይያዝም፤ ይወድቃል። ከወደቀ በኋላ የአጭርና የፈጣን ሰው ኳስ ነው፤ ተጋጣሚው ለቅሞ ሲወጣ ረጃጅሞቹ ሊያሳድዱት አይችሉም። ስለዚህ ጉዳቱ የሚታየው ግብ ማጣት ላይ ሳይሆን በሌላው ጫፍ በሚገባው ግብ ላይ ነው። በዝናብ ቀን ከረጃጅሞቹ አንዱን ቀንሶ በእግር ሥር የሚሠራ ሰው መጨመር ያዋጣል፤ ሁለተኛው ራክ አጥቂም መሆን የሚችል ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይቀልላል።

ሰብ የሚባለው 23ኛው ሰው የተናቀ ቦታ ነበር። በ2024 ደንብ ሰብ ገብቶ የተቀየረው ሰው ተመልሶ አይገባም ነበር። በቤንቹ በኩል ግን በጨዋታው በሙሉ 75 ቅያሪ ይፈቀዳል፤ በሩብ ሲካፈል ወደ 19 ገደማ ነው። አንድ ሰው ቀድሞ ከተጎዳ የቀሩት ሦስቱ ቤንች ሁሉንም ማሳረፍ ያቅታቸዋል፤ ለዚህ ነው ሰብ ዊንግም ግማሽ አጥቂም መጫወት የሚችል ሯጭ ሊሆን የሚገባው። ራክ ሰብ ማድረግ ራኩ ካልተጎዳ በቀር የባከነ ወንበር ነው። አንድን ልጅ ሦስት ሳምንት በተከታታይ ሰብ ማድረግም ሌላ ጣጣ አለው፤ በሁለተኛው ቡድንም ስለማይጫወት ሙሉ ጨዋታ የሚችልበትን ትንፋሽ ያጣል።

የመሐል ዓመቱን ድራፍት በአንድ ቅዳሜ ጨርሰናል። ጥቅሙን ለማስረዳት የማርሊየን ፒኬት ነገር ይበቃል፦ ሪችመንድ በ2019 የመሐል ዓመት ድራፍት በ27 ዓመቱ ወሰደው፤ የመጀመሪያ ጨዋታውም የዚያው ዓመት ፍጻሜ ሆነ። ከ1952 ወዲህ በፍጻሜ ጨዋታ የጀመረ ሰው አልነበረም።

ኦክቶበር ላይ ትሬድ (ክለቦች ተጫዋችና ፒክ የሚለዋወጡበት ጊዜ) ሲመጣ ለወላጆች ማስረዳት የቀለለው በዕቁብ ነው። በድራፍት ዕጣ አይወጣም፤ መጨረሻ የወጣው ክለብ ቀድሞ ይመርጣል። ተራን ግን እንደ ዕቁብ መሸጥ ይቻላል፤ የሚቀጥለውን ዓመት ተራም ጭምር። የሚሸጥ ሰው ገንዘቡ ዛሬ እንደቸገረው ሁሉ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ፒክ የሚሰጥ ክለብም ዛሬ ለዋንጫ ቀርቤአለሁ የሚል ነው። ካልቀረበና መጨረሻ ከወጣ፣ የሸጠው ተራ 1ኛ ሆኖ ያገኘዋል።

ኖቬምበር ሁሉ የሄደው በነጥብ ሠንጠረዡ ነው። በ2024 ደንብ ለእያንዳንዱ ፒክ ዋጋ ተተምኖለት ነበር፦ 1ኛው 3000፣ 2ኛው 2517፣ 5ኛው 1878፣ 11ኛው 1329፣ 25ኛው 756፣ 40ኛው 429። ሠንጠረዡ የሚያስፈልገው አባቱ ለክለቡ 100 ጨዋታ የተጫወተ ልጅ፣ ወይም የክለቡ አካዳሚ ያሳደገው ልጅ ሲኖር ነው። ሌላ ክለብ በፒኩ ቢድ ሲያደርግበት ባለመብቱ ክለብ ነጥቡን ከፍሎ ይወስደዋል፤ በ2024 በመጀመሪያው ዙር 20 በመቶ ይቀነስለት ነበር። የቀድሞው የብሪዝበን ተጫዋች የማርከስ አሽክሮፍት ልጆች ሁለቱም እንዲህ ነው ብሪዝበን የገቡት። ዊል በ2022 2ኛ ፒክ ነበር፤ በ2024 ብሪዝበን ሲድኒን 120 ለ60 ባሸነፈበት ፍጻሜ፣ ለጨዋታው ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የኖርም ስሚዝ ሜዳሊያ አገኘ። ታናሹ ሊቫይ ደግሞ በ2024 በ5ኛው ፒክ ላይ ቢድ ተደረገበት።

ሰሌዳው ላይ የተሠራው ስሌት ይህ ነው። 1878 ሲቀነስ 20 በመቶ፣ 1502 ይሆናል። አንዱ ቡድን 11ኛ ፒኩን ሰጥቶ 25ኛውንና 26ኛውን ወሰደ፤ 756 ሲደመር 729፣ 1485። ከ1329ው 156 ነጥብ አተረፈ፤ ሆኖም ለቢዱ 17 ነጥብ ጎደለው። ልጆቹ «ወደቅን» ብለው ደነገጡ። አልወደቁም፤ የጎደለው ከሚቀጥለው ፒካቸው ይወሰዳል። 40ኛው ፒክ 429 ነው፤ 17 ሲነሣለት 412 ቀረው፤ ይህም የ41ኛው ፒክ ዋጋ ነው። አንድ ደረጃ ብቻ ወረደ። 11ኛውን የወሰደው ክለብም አልሞኘም፤ እሱ የሚፈልገው ነጥብ ሳይሆን 11ኛ ላይ የሚገኘውን ልጅ ነው።

ያልተሳካለት ሌላ ቡድን ነበር፤ አምስት ፒክ ሰብስቦ በሊስቱ ላይ ግን ሦስት ባዶ ቦታ ብቻ ነበረው። ክለብ ባዶ ቦታው ከሚፈቅደው በላይ ፒክ ይዞ ወደ ድራፍት መግባት አይችልም። ሁለት ካርድ አስቀድሞ ማሰናበት ነበረበት፤ ማን ይሂድ ሲባል እስከ ምሳ ሰዓት ተጨቃጨቁ።

ከአፍሪካና ከእስያ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች የሚገቡበት የቀጣይ ትውልድ አካዳሚ ለኛ ተማሪዎች ሩቅ ጉዳይ ስላልሆነ በተለይ ተነሥቷል። ከደቡብ ሱዳን ወላጆች ካይሮ የተወለደው ማክ አንድሩ የሜልበርን አካዳሚ ልጅ ነበር። በ2021 ግን ከ20ኛው ፒክ በፊት ቢድ ማስተካከል (ነጥብ ከፍሎ ልጁን ማስቀረት) ስለተከለከለ ጎልድ ኮስት በ5ኛው ወሰደው። በ2024 ገደቡ በመነሣቱ ኤሰንደን አይዛክ ካኮን በ13ኛው ፒክ ላይ አስተካክሎ አስቀርቷል፤ ዋጋው 1212፣ ከቅናሽ በኋላ 970 ገደማ።

በ2025 ቅናሹ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል፤ የነጥብ ሠንጠረዡም ይለወጣል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ያለው ይነሣና በፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ቅዳሜ አዲሱ ይጻፋል። ምዝገባው በዚያው ቀን ነው፤ ካርዱ ከክበቡ፣ ላጲሱ ከቤት።