እንጨቱን አንኳኩቼ ትዝ አልከኝ

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? እናትህ ደህና ናቸው? ልጆቹስ አደጉ? ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልህ መቅረቴ ያሳፍረኛል። ሰበብ አልደረድርም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በለኝ።

ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ አንድ ቤት ነው። ባለፈው ሳምንት ጣሊያን አገር ቬኒስ ሄጄ ላ ፌኒቼ የሚባለውን የኦፔራ ቤት ገብቼ አየሁት። የአዳራሹ ውስጥ በእንጨት የተሠራ ነው። አጠገቤ ያለውን በጣቴ ኳ ኳ አደረግኩት። አንተ ጣውላ ከመግዛትህ በፊት እያንኳኳህ «ድምፁን ስማው» ትለኝ ነበር። እዚያው ቆሜ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ታሪኩን ልንገርህ፤ ዓመቶቹን የምጽፍልህ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ድሮ በከተማው ሳን ቤኔዴቶ የሚባል ቲያትር ነበር። በ1774 ተቃጠለ። ባለድርሻዎቹ መልሰው ሠሩት። ከዚያ ግን ከቦታው ባለቤቶች ጋር ተካሰው ተረቱና ቤቱን ጥለው ወጡ። ተስፋ አልቆረጡም። ሌላ ቦታ ላይ አዲስ ቲያትር አሠርተው በግንቦት 1792 ከፈቱ። ስሙንም ላ ፌኒቼ አሉት፤ ተቃጥላ ከአመዷ ትነሳለች በምትባለው ወፍ ስም።

በ1836 ያም ቤት ነደደ። በዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ እንደገና ቆመ። ቨርዲ የተባለው የሙዚቃ ደራሲ ሪጎሌቶ የተባለውን ኦፔራ በ1851፣ ላ ትራቪያታ የተባለችውን በ1853 ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው እዚህ ነው። ትራቪያታ ያን ምሽት አልሰመረላትም። ቨርዲ አንዳንድ ቦታ አስተካክሎ በዓመቱ እዚያው ቬኒስ ስትቀርብ ግን ሕዝቡ ወደዳት። የቀረበችበት ቤት የቱ መሰለህ? ሳን ቤኔዴቶ!

ከሁሉም የከፋው በጥር 1996 የደረሰው ነው። ቤቱ እድሳት ላይ ነበር። የኤሌክትሪክ ሥራውን የያዙ ሁለት ዘመዳሞች ሥራው ዘግይቶባቸው ነበር። ቅጣት እንዳይከፍሉ ብለው እሳት ለኮሱበት፤ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎ ፈረደባቸው። ቬኒስ ውስጥ እሳት የሚጠፋው በመኪና ሳይሆን በጀልባ ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ በአቅራቢያው ያሉት ቦዮች ሊጸዱ ውኃቸው ተመጥጦ ነበር። ጀልባዎቹ መጠጋት አቃታቸው። ሄሊኮፕተር ከላይ ውኃ ቢያፈስም ውስጡ ነዶ አለቀ። የተረፈው የውጭው ግድግዳ ነው። ያን ሁሉ የአናጢ ሥራ፣ ያን ሁሉ የወርቅ ቅብ አስበው።

ከተማው «እንደነበረ፣ በነበረበት» ብሎ ወሰነ። የቅዱስ ማርቆስ የደወል ግንብ በ1902 ሲወድቅም ያሉት ይህንኑ ነው። ንድፉን የሠራው አልዶ ሮሲ ሥራው ሳያልቅ በ1997 አረፈ። ሌሎች ቀጠሉለት። እኔን በጣም የነካኝ ይኼ ነው፦ ቪስኮንቲ የተባለው ዳይሬክተር በ1954 ባወጣው ፊልም መክፈቻ ላይ አዳራሹ ይታያል። ያን ፊልም እያስቆሙ፣ የድሮ ፎቶዎችን እያገላበጡ፣ እያንዳንዱን አበባና ቅጠል መልሰው ቀረጹት። እንጨት ጠራቢው፣ ወርቅ ለባጩ፣ ወረቀት በሙጫ እያጠነከረ ጌጥ የሚያወጣው ሁሉ ተሰልፎ ሠራ።

ቅጂ ነው ብለው የሚያጣጥሉት ሰዎች አሉ። እኔ ግን አልቀበለውም። የጠረበው እጅ እውነተኛ እጅ ነው። አንተም እንደኔ የምትል ይመስለኛል።

በታኅሣሥ 2003 ሪካርዶ ሙቲ በመራው ኮንሰርት ተከፈተ። በዓመቱ ኅዳር ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ኦፔራ ቀረበ። ትራቪያታ ናት፤ ያውም በ1853 ያልሰመረላት፣ ያልተስተካከለችው።

የቅርጻ ቅርጹን ፎቶ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። መጋጠሚያዎቹ እንዴት እንደተያያዙ ማወቅ አቃተኝ፤ ሚስማር አይታይም። አይተህ ንገረኝ። ስልክህ የድሮው ከሆነ እሑድ ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ።

ወንድምህ