«ሁለት ሰዓት በማን አቆጣጠር?»

ልጃችን ትናንት 40 ቀን ሞልቶት ክርስትና ተነሣ። እጄ ትንሽ ፋታ ስላገኘ የምስጋና ዕዳዬን ልክፈል።

በእርግዝናዬ ሰባተኛ ወር ግራ እግሬ አበጠ። የእርግዝና እብጠት ነው ብዬ ዝም አልኩ። አልትራሳውንድ ሲታይ የረጋ ደም ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ኤኖክሳፓሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ጠዋትና ማታ ሆዴ ላይ ስወጋ ከረምኩ። 80 ኪሎ ስለነበርኩ በየጊዜው 80 ሚሊግራም። የሚወጋኝ ባለቤቴ ነው፤ ዶሮ ማረድ የሚፈራው ሰውዬ! እያንዳንዷን መርፌ ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ይጽፋታል።

ሁለቱ ልጆቼ በኦፕራሲዮን ስለተወለዱ ለሦስተኛውም ቀጠሮ ተያዘ፤ ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት። ክትትል የማደርግበት ቦታ «የጠዋቱን መርፌ ብቻ ዝለዪ» አሉኝ። ዘለልኩ።

የሰመመን ባለሙያው ግን አልጋዬ አጠገብ ቁጭ አሉና «የመጨረሻው መርፌ ስንት ሰዓት ነበር?» አሉ። ባለቤቴ የቀን መቁጠሪያውን ፎቶ ከስልኩ አሳያቸው። «ሰኞ 2፡00» ይላል።

«ሁለት ሰዓት በማን አቆጣጠር? በሀበሻ ነው በፈረንጅ? የጠዋት ነው የማታ?»

ሳቄ መጣ። እሳቸው አልሳቁም። የማታ ሁለት ሰዓት ነበር። በጣታቸው ቆጠሩ፤ 13 ሰዓት። «አይበቃም» አሉ። 12 ሰዓት የሚበቃው ለመከላከያ ለሚሰጠው ትንሹ መጠን ነው። የኔ የሕክምናው መጠን ነው፤ ቢያንስ 24 ሰዓት ማለፍ አለበት።

ወደ ማታ ተዛወርኩ። እናቴ ተቆጣች፣ እኔ አለቀስኩ። ርቦኛላ! እሳቸው የጓንት ካርቶን ቀደው ጀርባው ላይ አከርካሪዬን ሣሉልኝ። ለኦፕራሲዮኑ ማደንዘዣ ጀርባዬ ላይ የሚወጋው መርፌ ሲገባ ትንሽ ደም ሥር ቢነካ ሌላ ሰው ላይ ወዲያው ይቆማል። የኔ ላይቆም ይችላል። እዚያ ውስጥ ደግሞ ለሚጠራቀም ደም ቦታ የለም፤ ነርቡን ይጫነዋል። እምብዛም አያጋጥምም፤ ካጋጠመ ግን በሰዓታት ውስጥ በቀዶ ጥገና ካልወጣ እግር ሽባ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ልጁ የሚያስቸኩል ነገር ቢኖረው ኖሮ ሙሉ በሙሉ አስተኝተው ያወጡት ነበር። የልብ ምቱ ደህና ስለሆነ መጠበቁ ይሻላል አሉ። ከዚያ ሻይና ዳቦ ፈቀዱልኝ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ዳቦ የለም።

ማታ 3 ሰዓት የጀርባውን መርፌ ወሰድኩ። የልጄን የመጀመሪያ ለቅሶ በጆሮዬ ሰማሁ። እኩለ ሌሊት ላይ ተመልሰው መጡና «እስቲ አውራ ጣትሽን» አሉ። ተንቀሳቀሰ። «ሌላኛውን።» እሱም። ሳይተኙ ነው ይህን ያደረጉት። ደም ማቅጠኛውም ሌላ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ረቡዕ ማታ ተጀመረልኝ።

የሰመመን ባለሙያው ሆይ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄን አቅፌ ወዲያ ወዲህ የምለው በእነዚህ እግሮች ነው። ቀኑን ሙሉ ሠርተው ማታ ለኔ የቀሩት ሐኪም፣ ስጮህባቸው የታገሡኝ አዋላጆች፣ ገንፎ ይዛችሁ የመጣችሁ ጎረቤቶቼ፣ ክፉ አይንካችሁ። እማዬ፣ በቁጣሽም ቢሆን ተባረኪ።

መርፌው ገና አላለቀም፤ ከወሊድ በኋላ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይቀጥላል። ባለቤቴም መጻፉን አልተወም። አሁን ከሰዓቱ ጎን «የማታ» ይላል፣ በትልልቁ።